የጅግጅጋው ፈረሰኛ

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚወስደው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለጥቂት ዓመታት ሁለት የሐውልት ፈረሰኞችን ያገናኝ ነበር፤ ሐረር ላይ ራስ መኮንን፣ ጅግጅጋ ላይ ሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሀሰን። ሁለቱ በሕይወት ሳሉ ጦር የተማዘዙ ናቸው። የራስ መኮንን ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ፈረሰ። የሰይዱ አደባባይ ግን ዛሬም የጅግጅጋ መሀል ነው። ባጃጁ ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ እንግዳው ቆሞ ፎቶ ይነሣል።

ሰይዱ ሳሊሒያ የተባለው የሱፊ ጠሪቃ ሰባኪ፣ ደርቪሾች የተባሉት ተዋጊዎች መሪና ባለቅኔ ነበሩ። እንግሊዞች «እብዱ ሙላህ» እያሉ ቢያጥላሏቸውም ሃያ ዓመት ያህል ሊይዟቸው አልቻሉም። ከእንግሊዝ ብቻ ሳይሆን ከጣሊያንም ከኢትዮጵያም ተዋግተዋል። ጅግጅጋ እዚህ ላይ ትገባለች። በመጋቢት 1892 ዓ.ም. የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኮንን የላኩት ጦር በእሾህ አጥር ተከልሎ ጅግጅጋ ላይ ሰፍሮ ሳለ ደርቪሾች አጠቁት። ብዙ ሰው አለቀባቸው፤ የተዘረፉ ግመሎቻቸውን ግን አስመልሰው ሄዱ። ለአርብቶ አደር ግመሉን ያስመለሰ ተሸንፏል ለማለት ይከብዳል።

የእንግሊዞች ትዕግሥት ያለቀው በ1912 ዓ.ም. ነው። 12 የጦር አውሮፕላኖች አምጥተው የደርቪሾቹን የታለህ ምሽግ ደበደቡ። ሰይዱ አምልጠው ወደ ኦጋዴን ዘለቁና በታኅሣሥ 1913 ዓ.ም. ዋቢ ሸበሌ ዳር፣ ኢሚ ላይ ሞቱ፤ የገደላቸው ጥይት ሳይሆን ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ሱማሌ ግን ከጦርነታቸው ይልቅ ግጥማቸውን አብዝቶ ያስታውሳል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሂን ፊኒን የሚባለውን ፈረሳቸውን ሳይቀር በግጥም አወድሰውታል፤ ስለዚህ ሐውልቱን በፈረስ ላይ ማቆም ተገቢ ምርጫ ነው።

የከተማዋ መልክ የሌላ ሰው ሥራ ነው። በ1909 ዓ.ም. ገደማ የጅግጅጋ ገዥ ሆነው የተሾሙት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም መንገዶቿ ቀጥ ብለው እንዲተላለፉ አድርገው አስቀየሷት። «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው። ባለቅኔ ሐውልት ያላት ከተማ በጸሐፌ ተውኔት መቀየሷ ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ጣሊያን መጣ፣ እንግሊዝ መጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የሱማሌ ክልል ዋና ከተማነት ከጎዴ ወደ ጅግጅጋ ተዛወረ።

አደባባዩን ያለ ካራማራ ማየት ግማሹን ታሪክ መተው ነው። የሱማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋን ያዘ፤ የኢትዮጵያ ጦር ከኩባውያን ጋር ሆኖ የካቲት 26 ቀን በዚያው ዓመት አስለቀቃት። የካራማራ ድል እየተባለ በየዓመቱ የሚታሰበው ይህ ነው። ዚያድ ባሬ ሰይዱን የሱማሊያ ብሔራዊ ጀግና አድርጎ ሞቃዲሾ ላይ ሐውልት አቁሞላቸው ነበር፤ ያ ሐውልት በሱማሊያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወደመ። የወራሪው መንግሥት ጀግና ዛሬ በኢትዮጵያዊ ክልል ዋና ከተማ መከበሩ አንዳንዱን ያስቆጣል። እኔ አልቆጣም። ሰይዱ ከዚያድ ባሬ በፊት የነበሩ ናቸው፣ የሞቱትም ዛሬ የኢትዮጵያ በሆነ መሬት ላይ ነው፤ የክልሉ ሕዝብ የራሴ ቢላቸው አይደንቅም።

ለጉብኝት ከሐረር በጠዋት መነሣት ይሻላል። ባቢሌን አልፈው ዳካታ ሸለቆ ሲደርሱ እርስ በርሳቸው ተደራርበው አሁን ወደቁ የሚያሰኙ ድንጋዮች ያያሉ፤ የካራማራን ተራራ ሲያቋርጡ የጅግጅጋ ሜዳ ይዘረጋል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ይበረታል። አደባባዩ የሚደምቀው ካሥር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። በወተት የፈላ ቅመም ያለው ሻይ ወይም የግመል ወተት ይጠጡ፤ ለራት ሩዝ በፍየል ሥጋ አለ። ሰው ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ፣ ሴቶችን በተለይ። ከአዛውንቶቹ አንዱን ካገኙም ስለ ጦርነቱ ከመጠየቅዎ በፊት የሰይዱን ግጥም እንዲያሰሙዎት ይለምኗቸው።