ዋናው ጠፍቶ ቅጂው የነገሠበት ጽሕፈት

የላንቲንግ ሙግት ከተነሣ 60 ዓመት አለፈው። በ1965 እ.ኤ.አ. የታሪክ ሊቁና ገጣሚው ጉዎ ሞሩዎ፣ ቻይናውያን ከብሩሽ ጽሕፈት ሁሉ የሚያስበልጡትን የላንቲንግ መቅድም ጥንታዊው የብሩሽ ጸሐፊ ዋንግ ሺዢ አልጻፈውም ብሎ ተነሣ። ማስረጃው ናንጂንግ አካባቢ ከመቃብር የወጡ የድንጋይ ጽሑፎች ነበሩ፤ አንደኛው የዋንግ ሺዢ የአጎት ልጅ መቃብር ነው። በድንጋዮቹ ላይ ያለው ፊደል ማዕዘናምና ደረቅ፣ ከጥንቱ የጸሐፊዎች ስልት ገና ያልተላቀቀ ነው። በዚያው ዘመን እንደ መቅድሙ ያለ የሚፈስስ ሯጭ ጽሕፈት ከየት መጣ? የናንጂንጉ ምሁር ጋኦ አርሺ ተቃውሞ ጻፈ፤ ጽሑፉ እንዲታተም ማኦ ዜዱንግ ራሱ ደገፈ። በእኔ ሚዛን የጉዎ ማስረጃ የሚያስረዳው ድንጋይ ጠራቢው እንዴት እንደቀረጸ እንጂ አንድ ባላባት ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ በወረቀት ላይ እንዴት እንደጻፈ አይደለም።

ደግሞስ በ353 እ.ኤ.አ. ተጻፈ የሚባለው የመቅድሙ ዋና ወረቀት ዛሬ የለም። የታንግ ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ እጅግ ስለወደደው በ649 ሲሞት አብሮት ተቀበረ ይባላል። የቀሩልን የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች የፊደሉን ዙሪያ በቀጭኑ አንሥተው ውስጡን በቀለም የሞሏቸው ቅጂዎችና ከድንጋይ ላይ የታተሙ ናቸው። 28 መስመርና 324 ፊደል ያለው ይህ ጽሑፍ ትውልድን ሁሉ ያስተማረው በቅጂው ነው።

«መገልበጥ ጥበብ ከሆነ፣ የግለሰቡ እጅ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በ758 እ.ኤ.አ. ያን ዤንቺንግ በጦር አዛዡ አን ሉሻን አመፅ ለተገደለ ወጣት ዘመዱ የጻፈው የሐዘን ረቂቅ ከእጁ እንደወጣ ደርሶናል፤ ቀለሙ ሲደርቅ፣ ቃሉ ሲሰረዝ፣ መስመሩ ሲጣደፍ ይታያል። በ2019 የታይፔው ቤተ መንግሥት ሙዚየም ለቶኪዮ ሲያውሰው የተነሣው ቁጣ ዋናው ምን ያህል እንደሚከበር አሳይቷል። ነገር ግን ያንን ሐዘን ከሰረዙ ላይ የሚያነብበው ማን ነው? የእያንዳንዱ ፊደል ጭረት ቅደም ተከተልና አቅጣጫ የተወሰነ ስለሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲገለብጥ የኖረ ሰው ብሩሹ የት እንደተጫነ፣ የት እንደተነሣ በዓይኑ ይከተላል። ላልገለበጠ ሰው ግን ያው ወረቀት የተዝረከረከ ረቂቅ ነው። እንግዲህ የዋናውን ክብር ያቆመው ራሱ መገልበጥ ነው።

ዩኔስኮ የቻይናን የብሩሽ ጽሕፈት ጥበብ በ2009 በቅርስነት መዝግቦታል፤ የቻይና ትምህርት ሚኒስቴርም በ2013 የትምህርት ቤት መመሪያ አውጥቶለታል። ልጆች ሞዴል እየገለበጡ መዋላቸውን ፈጠራን የሚገድል ልማድ አድርገው የሚያዩ አሉ። እኔ የምሰጋው ስለ መገልበጡ አይደለም፤ ጣት በስልክ ቁልፍ ላይ ብቻ የሚውልበት ትውልድ፣ ብሩሹን ለጥቂት ሰዓት ነክቶ ቢተወው፣ የያን ዤንቺንግን ረቂቅ የሚያነብብ ዓይን ከየት እንደሚገኝ ነው።