ሰላጣ የሚቆረጥበት ቀን ከመዝሪያው ጀምሮ ይታሰባል

በመስኖ ከሚለሙት አትክልቶች መካከል ሰላጣ ቶሎ ለገበያ የሚደርስ፣ ቶሎም ከገበያ ውጭ የሚሆን ነው። ሽንኩርት ዋጋው እስኪሻሻል በመጋዘን ጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ ድንችም አፈር ውስጥ ትንሽ ሊጠብቅ ይችላል። ሰላጣ ግን በሞቃት ወቅት ከደረሰ በኋላ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተቆረጠ መሐሉ አገዳ ያወጣል፤ ቅጠሉም ይመርራል። የመረረ ሰላጣ የቱንም ያህል ቢመዝን ገዢ አይኖረውም። በመሆኑም የመቁረጫውን ቀን ለይቶ ማወቅ የእያንዳንዱ አምራች ብቻ ሳይሆን፣ የውኃ ተራ የሚደለድሉትና ከነጋዴ ጋር የሚዋዋሉት የማኅበር መሪዎችም ተግባር ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ነው። ለ55 ቀናት ሥጋና ወተት ስለማይቀመስ በከተሞች የሰላጣ ፍላጎት ይጨምራል፤ በያይነቱ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ሁሉ ሰላጣ ይፈልጋል። ይህንን የሚያውቅ ገበሬ የደረሰውን ሰላጣ ሳይቆርጥ ጾሙ እስኪገባ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ የካቲትና መጋቢት ፀሐይ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ለሰላጣ የሚስማማው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ቀዝቀዝ ያለ አየር ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ፣ በተለይም ውኃ ከጠማው፣ ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ዘር ለማፍራት ይጣደፋል። ዋጋ ይወጣል ተብሎ የተጠበቀበት ሳምንት ሰላጣው የሚመርርበት ሳምንት ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለጾም ገበያ የሚያስብ ማኅበር የመዝሪያውን ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ መወሰን ይኖርበታል። ጾሙ በየዓመቱ በተለያየ ቀን እንደሚገባ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ነገር ግን በችግኝ መደብ ላይ ዘር ሲዘራ ይህ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። የ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም መግቢያ የካቲት 9 ቀን ሲሆን፣ የ2019 ዓ.ም. ግን የካቲት 29 ቀን ነው። ልዩነቱ 20 ቀን ነው። ባለፈው ዓመት በዘራበት ቀን ዘንድሮም የሚዘራ ሰው ሰላጣው 20 ቀን ቀድሞ ቢደርስበት ሊደነቅ አይገባውም።

ጥቅል ሰላጣ በችግኝ መደብ 4 ሳምንት ያህል፣ ወደ ማሳ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ ከ7 እስከ 9 ሳምንት ይፈልጋል። በጠቅላላው 80 ቀን ያህል ቢያዝ፣ ለየካቲት 29 ገበያ የሚደርሰው ሰላጣ ታኅሣሥ 9 ቀን ገደማ የተዘራው ነው። ወሩ ሁሉ 30 ቀን በመሆኑ ቆጠራው አያስቸግርም። የማይጠቀለለው ቅጠል ሰላጣ ከተዘራ ከ45 እስከ 60 ቀን ውስጥ ስለሚደርስ ዘግየት ብሎ መዝራት ይቻላል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሚገኝ ደጋ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እድገቱን ስለሚያዘገየው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መጨመር ያሻል። ጾሙ 55 ቀን የሚዘልቅ በመሆኑም ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን ከመጨረስ በየ15 ቀኑ ከፋፍሎ መዝራት ይሻላል።

ይህ ቆጠራ ግምት ነው። የመጨረሻው ውሳኔ የሚገኘው ማሳ ውስጥ ገብቶ ተክሉን በእጅ በመዳሰስ ነው። ጥቅል ሰላጣ ከላይ በመዳፍ ጫን ሲባል እንደ ጥጥ ከተጫነ ገና ነው። ጠንከር ብሎ ትንሽ የሚመልስ ከሆነ ደርሷል። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ግን ጊዜው እያለፈ ነው፤ አናቱ ሾጥጦ ወደ ላይ መነሣት ከጀመረ ደግሞ ውስጡ አገዳ እየገፋ ስለሆነ በዚያው ቀን መቆረጥ አለበት። የተጠራጠረ ሰው አንዱን ለሁለት ሰንጥቆ መሐሉን ይመልከት፤ የውስጡንም ቅጠል ያኝክ። ሰላጣ ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ማውጣቱ ተፈጥሮው ነው፤ ተክሉ አገዳ ሲያወጣ ግን ይህ ፈሳሽ ይበረክታል፣ ምሬቱም አብሮ ይመጣል። ረዥም ቅጠል ያለውና ሽቅብ የሚያድገው ዓይነት፣ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አልፎ የመሐል ቅጠሎቹ ሲደራረቡ ይቆረጣል።

የአበሻ ጎመን የለመደ ገበሬ የታችኛውን ቅጠል እየሸመጠጠ ለወራት ይመገባል፤ ይሸጣልም። ይህ ልማድ ለቅጠል ሰላጣ ይሠራል። የዳር ቅጠሎቹ እየተለቀሙ አምስት ወይም ስድስት የመሐል ቅጠሎች ከተተዉለት ያድጋል። ከመሬት ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ በስለታም ቢላዋ ከተቆረጠም ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ያቆጠቁጣል። ሆኖም ሰላጣ እንደ ጎመን ለወራት አይታገሥም፤ ጥቅል ሰላጣ ደግሞ የሚሸጠው ከነሙሉ ጥቅሉ ስለሆነ ቅጠሉን አስቀድሞ መሸምጠጥ ዋጋውን ያወርዳል።

ለማኅበር መሪዎች ከሁሉ የሚከብደው የጭነቱ ጉዳይ ነው። አይሱዙ ተከራይቶ ማሳውን በአንድ ቀን መጨረስ ለሥራ ይቀላል። ነገር ግን በአንድ ቀን የተተከለ ሰላጣ በአንድ ቀን አይደርስም፤ ቦይ አጠገብ ያለውና ውኃ ዘግይቶ የሚደርሰው ዳር ይለያያሉ። በሦስት ወይም በአራት ቀን ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ እየመረጡ መቁረጥ ተገቢ ነው። ጭነቱ እንዳይጎድል አጎራባች ማሳዎች በአንድ መኪና ቢጣመሩ ወጪውን መጋራት ይችላሉ። ውሉም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል። ነጋዴው በኪሎ የሚገዛ ከሆነ ገበሬው እንዲከብድለት መጠበቁ አይቀርም። አነስተኛው መጠን ተወስኖ በቁጥር የሚዋዋል ማኅበር አባሎቹን ከዚህ ፈተና ያድናል።

የቀኑ ሰዓትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ከሰላጣ ክብደት 95 ከመቶው ውኃ ስለሆነ ቀትር ላይ የተቆረጠ ሰላጣ ገበያ ሳይደርስ ይጠወልጋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ውርጭ ባደረበት ደጋ ግን ውርጩ ሳይቀልጥ ቅጠሉን መንካት አይገባም፤ የተነካው ይጠቁራል። ውኃ ማጠጣት የሚገባው በዋዜማው ነው፤ በዚያው ጠዋት የጠጣ ሰላጣ በጭነት ይሰባበራል፣ ይበሰብሳልም።

ሰላጣ በጥሬው የሚበላ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በአዲስ አበባ ዙሪያ የአቃቂ ወንዝ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚወርድ ፍሳሽ መበከሉ በጥናት ተረጋግጧል። በእንዲህ ያለ ውኃ የተቆረጠ ሰላጣን ማጠብና መርጨት ቆሻሻውን ወደ ተመጋቢው ማስተላለፍ ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት ከተረጨም በዕቃው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ መቁረጥ ክልክል ነው። ጽሑፉን ማንበብ የማይችል አባል ካለ የልማት ሠራተኛው ሊያነብለት ይገባል።

የተቆረጠው ወዲያው ወደ ጥላ ይወሰዳል፤ በጆንያ ታጭቆ ከሚጫን በሣጥን ወይም በቅርጫት ቢሆን አይጨፈለቅም። ከበሰለ ሙዝ፣ ማንጎና ቲማቲም ጋር በአንድ መኪና መጫን ጥሩ አይደለም፤ ከእነዚህ ፍሬዎች የሚወጣው ጋዝ በሰላጣ ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያመጣል።

የራሱን ዘር የሚያዘጋጅ ማኅበር ደግሞ ቀድሞ አገዳ ካወጣው ተክል ዘር እንዳይወስድ መጠንቀቅ አለበት። ያመለጠ ሰላጣ ለዘር ይሁን ማለት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚገኘው ዘር በሚቀጥለው ዓመትም የሚቸኩል ሰላጣ ያፈራል። ለዘር የሚመረጠው በደንብ የተጠቀለለውና ከሁሉ ዘግይቶ አገዳ የሚያወጣው ነው። ቆራጮች ማሳ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ጥሩ ሆነው የታዩት ተክሎች አጠገብ እንጨት ተተክሎ ምልክት ይደረግላቸዋል፤ ከእነዚህም መካከል ቀድሞ አገዳ ያወጣው ይነቀላል።