የእጅ መደንዘዝ፦ ብስክሌት ለሚነዱ የአየር ማረፊያ ሠራተኞች

በብስክሌት እስከ ፒዮሪያ ባቡር ጣቢያ ሄደው፣ ከዚያ በኤ መስመር ባቡር ወደ ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ሥራ ይገባሉ? እዚያም ቀኑን ሙሉ ዊልቸር ወይም የሻንጣ ጋሪ ይገፋሉ? የብስክሌቱ መሪም ሆነ የጋሪው እጀታ የሚጫኑት ያንኑ መዳፍዎን ነው። ስለዚህ የእጅዎ ነርቭ እረፍት አያገኝም።

የደነዘዘው የትኛው ጣት ነው?
• ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት፦ በመዳፍ ጠርዝ፣ በትንሿ ጣት በኩል የሚያልፈው ነርቭ ላይ ጫና ደርሷል። ይህ በብስክሌት ነጂዎች ላይ የተለመደ ነው።
• አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት፦ በእጅ አንጓ መሃል የሚያልፈው ነርቭ ላይ ጫና ደርሷል። ሌሊት ከእንቅልፍ ሊቀሰቅስዎ ይችላል።

እንዴት ይከላከሉታል?
• የእጅ አንጓዎን ቀጥ፣ ክርንዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉ።
• በየጥቂት ደቂቃው መሪው ላይ የእጅዎን ቦታ ይቀያይሩ።
• መቀመጫው ወደ ፊት ካዘቀዘቀ ክብደትዎ እጅዎ ላይ ያርፋል፤ ያስተካክሉት።
• መዳፉ ላይ ስፖንጅ ያለው ጓንት ያድርጉ።
• ጋሪ ሲገፉ እጀታውን አጥብቀው አይጨብጡ፤ በእረፍት ሰዓት ጣቶችዎን ያፍታቱ።

ሐኪም ያማክሩ፦ ድንዛዜው በእረፍት ካልተሻለዎት፣ ዕቃ ከእጅዎ የሚወድቅ ከሆነ ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎ። ሳይታከም ከቆየ የመጨበጥ ኃይልዎ ላይመለስ ይችላል። ያለ ክፍያ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ። መንስኤው ሥራዎ ከመሰለዎት ሳይዘገዩ ለአሠሪዎ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ወዲያውኑ 911 ይደውሉ፦ ድንዛዜው በድንገት በአንድ የሰውነት ጎን ከመጣ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተሳሰረ። እነዚህ የስትሮክ ምልክቶች ናቸው።