ዘግይቶ የሚሰማ ድምፅ

በሲሪንቃም ሆነ በመርሳ የሠርግ ዳስ ውስጥ አዝማሪ ማሲንቆውን ጥቂት ገዝገዝ አድርጎ ወዲያው ወደ ግጥሙ ይገባል። አድማጩም የሚጠብቀው ግጥሙን ነውና ብዙ አይታገሥም። የሰው ድምፅ 45 ደቂቃ ያህል የሚጠበቅበት ሙዚቃ ግን አለ። እርሱም የኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ የጉስታቭ ማህለር አራተኛ ሲምፎኒ ነው።

ሲምፎኒ ማለት የክር፣ የትንፋሽና የምት መሣሪያዎች በአንድነት ለሚጫወቱበት ኦርኬስትራ የተደረሰ፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ክፍሎች የተደራጀ ረጅም ሙዚቃ ነው። ማህለር (እ.ኤ.አ. 1860–1911) ይህን ድርሰቱን በ1899 ጀምሮ በ1900 ፈጸመ፤ በ1901 ደግሞ በሙኒክ ከተማ ራሱ እየመራ ለሕዝብ አሰማው።

የመጀመሪያው ክፍል በቃጭልና በፍሉት ድምፅ ተጀምሮ በፈገግታ ይራመዳል። በሁለተኛው ክፍል አንድ ቫዮሊን ከልማዱ ከፍ ተደርጎ ስለሚቃኝ ድምፁ ይሻክራል፤ ደራሲው በዚህ ቫዮሊን የሚጫወተው ሞት እንደሆነ አስቦ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ዝግ ያለና የረጋ ነው፤ ወደ ማብቂያው ግን የሰማይ ደጅ የተከፈተ ያህል ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ በድንገት ይነሣል። ከዚህ በኋላ በአራተኛው ክፍል ሶፕራኖ፣ ማለትም ከሴቶች ድምፅ ሁሉ ከፍተኛ የሆነው ድምፅ፣ ይሰማል። ዘፋኟ ሰማይን በሕፃን ዓይን ትገልጻለች። በዚያ መላእክት ዳቦ ይጋግራሉ፤ አትክልቱና ፍራፍሬው ሞልቷል፤ ዓሣው ደስ ብሎት እየዋኘ ይመጣል። ዘፋኟም ያለ አንዳች ፌዝ፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሏት እንድትዘፍን ደራሲው በኖታው ላይ አዝዟል።

የሰማይ ደስታ ስለምን በምግብ ተገለጠ? መልሱ ማህለር በዚያው ዘመን ከዚያው የጀርመን ሕዝባዊ ግጥሞች መድበል ወስዶ በደረሰው ሌላ ዘፈን ይገኛል። የሲምፎኒውን ዘፈን «ሰማያዊ ሕይወት»፣ ሌላውን «ምድራዊ ሕይወት» ብሎ የሰየማቸው ራሱ ነው። በ«ምድራዊ ሕይወት» የተራበ ሕፃን እናቱን ዳቦ ይለምናል። እርሷም እህሉ እስኪታጨድ፣ ከዚያም እስኪወቃ፣ ከዚያም እስኪጋገር ጠብቅ ትለዋለች። ዳቦው ሲደርስ ሕፃኑ ሞቷል። እንግዲህ በሰማይ ገበታ የሚደሰተው ሕፃን፣ በምድር ሳይበላ የቀረው ሕፃን እንደሆነ ማሰብ ይቻላል።

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ክፉኛ የተጎዳው የወሎ ሕዝብ ይህን ዘፈን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ጎተራው ባዶ ሆኖ ቡቃያው ገና ሳይደርስ ያለው ጊዜ ከሁሉ እንደሚከብድ ገበሬው ያውቃል። በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ድርቅን የሚቋቋሙና ፈጥነው የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎች የሚወጡትም ይህንኑ የእናትና የልጅ ጥበቃ ለማሳጠር ነው።

ሲምፎኒው ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተቀዳው እ.ኤ.አ. በ1930 በቶኪዮ፣ በሂዴማሮ ኮኖዬ መሪነት ነው። በዚያን ዘመን የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለነበር፣ አድማጩ ሸክላውን ደጋግሞ ካልገለበጠና ካልለወጠ ከዘፋኟ ዘንድ አይደርስም ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ መዝለል ቀላል ነው። ሆኖም ሦስቱን ክፍሎች የዘለለ ሰው ድምፁን ይሰማል እንጂ ደስታው ከየት እንደመጣ አይረዳም።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ብያኔ የተሰጠባቸውን ሁለት ቃላት ከነብያኔያቸው ጻፉ።
2. «እስኪታጨድ»፣ «እስኪወቃ»፣ «እስኪጋገር» በሚሉት ግሦች ላይ «እስከ» ምን ያመለክታል?
3. በአካባቢያችሁ የሚዘፈን አንድ ዘፈን መርጣችሁ፣ መሣሪያውና ድምፁ እንዴት እንደሚተባበሩ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።