«ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?»

ገና ሲቃረብ ሰው ሁሉ የሚጠያየቀው አንድ ነው። «በግ ገዛህ? ዶሮ ስንት ገባ?» ይባባላል። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን የበግና የዶሮ ወሬ ብቻ አይደለም። በታህሳስ 2017 ዓ.ም. ገና ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሳሪስ ቡና እየጠጣን ያነሳነው ጨዋታ ነው። በሳቅ ተጀመረ፤ የት እንደደረሰ አሁን እነግራችኋለሁ።

ቦታችን የታወቀ ነው። አንዲት እማማ ከአጥራቸው ሥር ሸራ ወጥረው፣ ረከቦታቸውን ዘርግተው ጀበና ቡና ይሸጣሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ በርጩማ ላይ ካልተቀመጥን ሳምንቱ ያለቀ አይመስለንም። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለተያዘ ከፈንዲሻና ከቆሎ በቀር የሚቀርብ የለም። እውነቱን ለመናገር ኪሳችንም ጾሙን ወዶታል።

አንደኛው ጓደኛችን ሚኒባስ ይነዳል። ሁለተኛው በአንድ የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል። ሦስተኛዋ ከእኔ ጎን ያለውን ክፍል የተከራየች ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ቤይሩት ሠርታ ከተመለሰች ገና ሁለት ወሯ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔ ነኝ። ቦሌ መንገድ ላይ የላስቲክ የገና ዛፍና ቀይ ኮፍያ ያጠለቀ የገና አባት ተደርድሮ አይቼ ነበርና፣ «የፈረንጁ ገና ታህሳስ 16 ነው። ሰውዬው መንገድ ተሳስቶ ሳሪስ ቢመጣ ምን ትጠይቁታላችሁ?» አልኳቸው።

ሾፌሩ ሳያስብ «እንቅልፍ!» አለ። «ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ ማታ ሦስት ሰዓት ነው የምገባው። በበዓል ሰው ሁሉ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ የማመላልሰው እኔ ነኝ። አንዲት ቀን ስልኬን ዘግቼ፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ እየተጫወተች ልተኛ።»

አስተማሪው ደግሞ «እኔን ዕዳዬን ይክፈልልኝ» አለና የአምናውን ነገረን። ለ2016ቱ ገና ተበድሮ በግ ገዝቶ እየጎተተ አባቱ ቤት ገባ። አባት ደስ ብሏቸው ጎረቤቱን ሁሉ እየጠሩ «የልጄ በግ» እያሉ አሳዩ። «በጉን እኛ በአንድ ቀን በላነው» አለ አስተማሪው፣ «እሱ ግን እኔን ስድስት ወር በላኝ። ፋሲካ አለፈ፣ ሰኔ ገባ፣ እኔ አሁንም የገናን በግ እከፍላለሁ።»

በሳቅ ፈነዳን። «ታዲያ ዘንድሮስ?» አልኩት።

«ዘንድሮማ አልሄድም። ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?»

አልፈረድንበትም። ዓመቱ እንዲያ ያለ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያ ገና ሰሞን ከ120 ብር አልፎ ነበር። ዶሮውም ከዶላሩ ጋር የተማከረ ይመስል ወደ ላይ ወጣ። የግል ትምህርት ቤት ደሞዝ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ይሄኔ ነው ከቤይሩት የመጣችው ጓደኛችን ስኒዋን መሬት ላይ ያስቀመጠችው። እስካሁን ከእኛ ጋር ስትስቅ ነበር። «እኔም ባዶ እጄን ነው ያልገባሁት» አለች። «ቤተሰቦቼ እኮ አሁንም ቤይሩት ያለሁ ነው የሚመስላቸው።»

እናንተዬ፣ ክው ብዬ ቀረሁ! ማታ ማታ በሯን ዘግታ በስልክ ስትንሾካሾክ እሰማ ነበር። ፍቅረኛ ይዛለች ብዬ በልቤ ስቄባታለሁ። ለካ ሳሪስ ተቀምጣ ለእናቷ ስለ ቤይሩት ብርድ ታወራ ኖሯል። «ምስልሽን አሳዪኝ» ሲሏት «ኔትወርክ የለም» ትላለች።

ታሪኳ ረጅም ነው፣ ላሳጥረው። በ2011 ዓ.ም. ሄደች። መጀመሪያ ላይ በየወሩ ትልክ ነበር። አሰላ ያለው የእናቷ ቤት ጣሪያ የተቀየረው፣ የወንድሟ ባጃጅ ቀብድ የተከፈለው በእሷ ገንዘብ ነው። ከዚያ የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አሠሪዎች የሀገራችንን ልጆች ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። የእሷ እመቤት አልጣለቻትም፤ ደሞዟን ግን መጀመሪያ በግማሽ፣ በኋላም ጭራሽ አቆመችባት። በመስከረም 2017 የእስራኤል የአየር ድብደባ ሲበረታ፣ የስምንት ወር ደሞዟን ትታ በአንዲት ሻንጣ ሀገሯ ገባች።

«እናቴ ያንን ድብደባ በቴሌቪዥን ስታይ ታለቅስ ነበር» አለችን። «በኅዳር ተኩሱ ቆመ ቢባልም አታምንም። ‹ልጄን በሕይወት ካመጣሽልኝ› ብላ ለማርያም ጃንጥላ ተስላለች። እኔ እዚህ ፈንዲሻ እበላለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትሄጂም?» አላት ሾፌሩ።

«በስድስት ዓመቷ የምትመጣ ልጅ በአንዲት ሻንጣ ትገባለች? ሰፈሩስ ምን ይላል? ትንሽ ሠርቼ፣ ትንሽ ነገር ገዝቼ ልግባ ብዬ ነው።»

እማማ ጀበናውን ወደ ከሰሉ እየመለሱ ኖሮ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ስለት ያለባት እናት እንቅልፍ የላትም። አንቺ ስጦታ እስክትገዢ እሷ በየሌሊቱ እየተነሳች ትጸልያለች።»

ዝም አልን። ኋላ ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «የእኔ የገና ምኞት እንቅልፍ አልነበር? ለእናትሽ ስጫት» አላት። ደግሞም ወዲያው ከቃሊቲ መናኸሪያ ለሚነሳ አንድ የአሰላ ሾፌር ደውሎ ወንበር አስያዘላት።

በዚያች ማታ በሯን ሳትዘጋ ደወለች። «እማዬ፣ ከመጣሁ ሁለት ወሬ ነው። ምንም አልያዝኩም» ስትል ሰማሁ። እናትየው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ ጾሙን ማን ጋ ልትፈቺ ነበር?»

ታህሳስ 28 ሄደች፤ ለአስተርዮ ማርያም የእናቷን ስለት አስገብታ በጥር መጨረሻ ተመለሰች። ሁሉም ነገር ማር ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ወንድሟ በሁለተኛው ቀን «ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?» ብሏታል። «ቀና በልና ጣሪያውን እየው አልኩት» አለችኝ። ሳምንት ተኳርፈው ነው የታረቁት። እናቷ ግን በየገናው ከአሥራ ሁለቱ የዶሮ ብልት አንዱን በእሷ ስም አስቀምጠው ለጎረቤት ልጅ ሲሰጡ እንደኖሩ ያወቀችው ያኔ ነው። የዚያን ዕለት ድርሻዋን ራሷ በላች።

አስተማሪውም አላስቻለውም፤ አንድ ኪሎ ቡና ይዞ ሄደ። አባቱ ለጊዜው ፊታቸውን አጠቆሩ። ማታ ግን እሱ የጎረቤት ቅርጫ ውስጥ አንድ መደብ ሲያስገባላቸው «ይሄስ ምን ይጎድለዋል?» አሉ። ሰኔ ሲመጣ ዕዳ አልነበረበትም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ጨዋታ ሦስት ነገር ልበላችሁ።

አንደኛ፣ በዓልን በብድር አታክብሩ። በግ ካቃተ ቅርጫ አለ፤ ቅርጫም ካቃተ አንድ ኪሎ ቡና አለ። ተበድራችሁ ከገባችሁ ቤተሰብ አላችሁ ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የበለጠ ይጠብቃል፤ ጥፋቱም የእሱ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ባዶ እጅ መግባት ካሳፈራችሁ አስቀድማችሁ ደውሉና ተናገሩ። ሐፍረቱ በስልክ ግማሹ ያልቃል። በር ላይ ስትደርሱ የሚቀረው መሳሳም ነው። ኑሮዬ ሲስተካከል እሄዳለሁ የምትሉ ደግሞ አስቡበት። ኑሮ የሚስተካከልበት ቀን አይታወቅም፤ ወላጆቻችን ግን በየዓመቱ እያረጁ ነው።

ሦስተኛው ለእናንተ ለቤተሰቦች ነው። ልጅ ከመንገድ ሲገባ ዓይናችሁ መጀመሪያ ሻንጣው ላይ አይረፍ። ጓደኛዬን ሁለት ወር ሳሪስ ያስቀመጣት ያ ዓይን ነው። አረብ ሀገር ውላ አድራ የመጣችን ልጅ «ምን አመጣሽ?» ከማለት በፊት «እንዴት ነበርሽ?» በሏት። መልሱን ለመስማት ግን ጊዜ ይኑራችሁ፤ አጭር አይደለምና።

ለእኔም ትምህርት ነበር። ከግድግዳው ማዶ ያለችውን ልጅ ሁለት ወር ሙሉ በልቤ አማኋት እንጂ አንድ ቀን በሯን አንኳኩቼ «ምን ሆነሽ ነው?» አላልኳትም። አሁን አንኳኳለሁ።

መልካም ገና! ቸር ይግጠመን።