ነፃ ሕክምናና የጤና መድን፦ አንዱ ሌላውን አይተካም

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ወደ መንግሥት ጤና ተቋም የሚሄድ ቤተሰብ ሁለት ዓይነት የመንግሥት ሽፋን ሊያገኝ ይችላል። አንደኛው ለሁሉም ዜጋ በነፃ የሚሰጠው አገልግሎት ሲሆን ሁለተኛው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ሁለቱን ለይቶ አለማወቅ ቤተሰብን ለዕዳ ይዳርጋል።

የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ለእነዚህ የመድን አባል መሆን አያስፈልግም። ችግሩ «የወለድኩት በነፃ ነው፤ ለመድን ለምን እከፍላለሁ?» በሚል የአባልነት እድሳቱ ሲተው ይመጣል። ያቺው እናት ትርፍ አንጀት ቢያማት ወይም ባለቤቷ የስኳር ሕመም ቢገኝበት ካርዱ፣ ምርመራው፣ መድኃኒቱና አልጋው በገንዘብ ነው። ያን ጊዜ በሬው ወይም የጎተራው በቆሎ ይሸጣል።

ይህን ለመከላከል ነው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በሙከራ የተጀመረው። መድኑ መደበኛ ደመወዝ ለሌላቸው አርሶ አደሮች፣ አነስተኛ ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። አባልነቱም በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። የመክፈል አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች በቀበሌያቸው ተለይተው መዋጯቸውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

መታወቂያዎን ጊዜው ሳያልፍ ያሳድሱ። መታመም ቀን አይመርጥም።

መዋጮው ከአቅምዎ በላይ ከሆነ ዝም ብለው አይቅሩ፤ የድጋፉ ተጠቃሚዎች በሚለዩበት ወቅት ለቀበሌዎ ያመልክቱ።

ሕክምናዎን ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር ሪፈራል ሳይዙ በቀጥታ ነቀምቴ ሆስፒታል መሄድ ለወጪ ሊዳርግ ይችላል።

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውበት ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም።

የታዘዘው መድኃኒት በተቋሙ ከሌለ ከውጭ ከመግዛትዎ በፊት የተቋሙን የመድን ክፍል ያነጋግሩ።

ነፍሰ ጡር ወይም የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ያለበት ቤተሰብ ሁለቱንም ሽፋኖች ጎን ለጎን መጠቀም ይችላል። ዛሬ ማታ መታወቂያዎን ያውጡና የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ።