የስያሜ ኅብር፦ ስለ ሦስት የስፖርት ቃላት

ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲዘረፍ፣ አንዱ ቃል ሁለት ፍች እንዲይዝ ይፈለጋል። ሰሙ ለጆሮ ቅርብ ይሆናል፤ ወርቁ ተሰውሮ አዋቂውን ይጠብቃል። ኅብር የቅኔ ሀብት ነው። የሙያ ቃል ጠባይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በሕግ፣ በሕክምና፣ በንግድ ወይም በስፖርት የሚሠራበት ስያሜ ሁለት ፍች የያዘ እንደ ሆነ፣ ሰሚው ሰሙን ይዞ ወርቁን ሳያገኝ ይቀራል፤ ጉዳቱም የሚደርሰው በራሱ በሰሚው ላይ ነው።

ዘመናዊው ስፖርት ካመጣቸው ስያሜዎች መካከል ይህን ዓይነት ኅብር የያዙ ሦስቱን ከዚህ በታች እንመለከታለን። የመጀመሪያው የሥነ ምግባርን፣ ሁለተኛው የንግድን፣ ሦስተኛው የቴክኖሎጂን ጥያቄ የሚነካ ነው።

ሀ. አበረታች ቅመም

«ዶፒንግ» የተባለው የውጭ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «አበረታች ቅመም» ተብሏል። ስያሜው በዜና ማሰራጫዎችም በጽሕፈት ቤት ስምም ገብቶ ተለምዷል። ክፍሎቹን ለየብቻ እንመርምር። «አበረታች» ሥሩ በረታ የሚለው ግስ ነው። መምህር ደቀ መዝሙሩን ያበረታታል፤ ሽማግሌ ያዘነውን ያበረታታል፤ «አበረታች ውጤት» የተባለለት ሰውም ተመሰገነ እንጂ አልተነቀፈም። «ቅመም» ደግሞ ቀመመ ከሚለው የወጣ ሲሆን በጓዳ ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን፣ በሕክምና በኩል የመድኃኒት ቀማሚን ሥራ ያስታውሳል። ሁለቱም የደግ ነገር ስሞች ናቸው። እንግዲህ ጥምሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ የቢቸና ወይም የሞጣ ወጣት ሯጭ ብርታት የሚሰጥ መልካም ነገር አድርጎ ቢረዳው፣ ጥፋቱ የስያሜው እንጂ የልጁ አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት የስፋት ነው። በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው የዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት ያወጣው ሕግ የሚከለክለው የሚዋጥ ወይም የሚወጋ መድኃኒትን ብቻ አይደለም። የገዛ ደምን አስቀድቶ ኋላ መልሶ ማስገባት፣ ለምርመራ የተሰጠን ናሙና መነካካት፣ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በተመዘገበበት ቦታ ለመርማሪ አለመገኘት፣ እነዚህ ሁሉ በሕጉ ጥፋት ናቸው። አንዳቸውም ቅመም አይደሉም።

ጉዳዩ ከቃል ክርክር የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው። በሕጉ መሠረት አትሌቱ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ኀላፊው ራሱ ነው፤ አለማወቁ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችል እንደ ሆነ እንጂ ከተጠያቂነት አያወጣውም። ሆን ብሎ አድርጎታል የተባለ እንደ ሆነ የ4 ዓመት እገዳ ይጠብቀዋል፤ ይህም ለአንድ ሯጭ የወጣትነት ዕድሜው ዋና ክፍል ነው። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኖች ማኅበር የፀረ ዶፒንግ ሥራቸውን በአስቸኳይ እንዲያሻሽሉ ካስጠነቀቃቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የማስተማር ሥራ ሰፍቷል። ትምህርቱ የሚተላለፍበት ዋና ቃል ግን የሚነቅፈውን ነገር እያመሰገነ የሚጠራ ነው።

ለ. ውርርድ

በእግር ኳስ ውጤት ላይ ገንዘብ አስይዞ መጫወት በከተሞቻችን ከተስፋፋ ወዲህ ድርጊቱ «የስፖርት ውርርድ» ወይም በውጭው ቃል «ቤቲንግ» ተብሎ ይጠራል። «ውርርድ» አሮጌና የተከበረ ቃል ነው። በቀድሞው ችሎት ተሟጋቾች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲከራከሩ፣ ቃላቸው እውነት ለመሆኑ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። ተረቺው የተወራረደበትን ይከፍላል። እንደዚህ ያለው ውርርድ ሁለት ሰዎች በዳኛ ፊት በእኩልነት ቆመው፣ አንደኛቸው በሚያውቀው ነገር ላይ ቃሉን በንብረቱ የሚያስከብርበት ሥርዓት ነበር።

የዛሬው «ውርርድ» ከዚህ በሁለት መንገድ ይለያል። አንደኛ፣ የሚያስይዘው ሰው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ጨዋታው ገና አልተደረገምና። ሁለተኛ፣ ተቃራኒው እንደ እሱ ያለ ሰው ሳይሆን ዋጋውን አስቀድሞ የሚተምን ድርጅት ነው። ለምሳሌ አንድ ግጥሚያ ሦስት ውጤት ሊኖረው ይችላል፦ ባለ ሜዳው ያሸንፋል፣ እንግዳው ያሸንፋል፣ ወይም አቻ ይለያያሉ። ድርጅቱ ለሦስቱም ያስያዘውን ሰው ገንዘብ 2.5 ጊዜ አባዝቶ እከፍላለሁ ቢልና በእያንዳንዱ ውጤት 100 ብር ቢያዝበት፣ የሚሰበስበው 300 ብር ነው፤ የትኛውም ውጤት ቢመጣ የሚከፍለው 250 ብር ብቻ ነው። ማንም ያሸንፍ ማን 50 ብሩ ለድርጅቱ ይቀራል። በእውነተኛው ገበያ ቁጥሮቹ ይለያዩ እንጂ አሠራሩ ይኸው ነው፤ ጊዜ በረዘመ ቁጥር የአስያዦቹ ገንዘብ ወደ ድርጅቱ ያዘነብላል።

ለዚህ ድርጊት አማርኛ የቆየ ስም አለው፤ ቁማር ይባላል። «ቁማር» ሲነገር ነቀፌታው አብሮ ይሰማል። «ውርርድ» ሲባል ግን ወጣቱ በአባቶቹ ችሎት የቆመ፣ በዕውቀቱ የሚረታ መስሎ ይታየዋል። የደመወዙን ገንዘብ ያጣ ሰው «ተወራረድሁ» ማለት ይቀለዋል፤ «ቆመርሁ» ማለት ግን ይከብደዋል። ይህ ክብደት ነው እንግዲህ በስያሜው ለውጥ የጠፋው። ፈቃድ ተሰጥቶት ግብር የሚከፈልበት መሆኑ የድርጊቱን ሕጋዊነት ያሳያል እንጂ ጠባዩን አይለውጠውም።

ሐ. ክብረ ወሰን

«ሪከርድ» ለሚለው ቃል «ክብረ ወሰን» የተባለው ስያሜ ከሦስቱ ሁሉ የተዋበ ነው። በግእዝ አሰካክ የድንበር ክብር ማለት ነው። አሁን ግን ጥያቄው ድንበሩን የተከለው ማን እንደ ሆነ ነው።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶክዮ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጠ። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ በመግባት የሴቶችን ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለች፤ ሰዓቷ ከአበበ የቶክዮ ሰዓት እንኳ የፈጠነ ነበር። በእግሯ የነበረው ጫማ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው 500 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በዘመኑ የውድድር ጫማዎች ሶል ውስጥ አረፋ መሰል ቀላል ነገርና ከካርቦን የተሠራ ጠንካራ ዝርግ ወይም ዘንግ ይገባል፤ እግር መሬት ሲረግጥ ሊባክን ከሚችለው ጉልበት ከፊሉን ይመልሳል። ይህን መናገር የሯጯን ድካም ማሳነስ አይደለም፤ ያለ እሷ ብርታት ጫማው ብቻውን አይሮጥም። ነገር ግን የ1952ቱን እግርና የ2016ቱን ጫማ በአንድ ቃል ስንለካ የምንለካው ምኑን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል።

የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2012 ዓ.ም. የጎዳና ሩጫ ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን በአንደኝነት ከጨረሰ በኋላ የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉ ተሰረዘበት። አንድ ሳንቲ ሜትር አሸናፊን ከተሸናፊ ለየች። በሌላ በኩል ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በቺካጎ ከ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በታች በመሮጥ የትዕግሥትን ክብረ ወሰን ሰበረች። ከዓመት በኋላ በተከለከለ መድኃኒት ለ3 ዓመት ስትታገድ፣ ሰዓቱ የተመዘገበው ጥፋቱ ከተገኘበት ናሙና አስቀድሞ ስለ ነበረ አልተሰረዘም። ወሰኑ በመዝገብ ሲጸና ክብሩ ለተመልካች ፍርድ ተተወ። ሁለቱ ቃላት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከዚህ ይታያል።

መ. የቀረበ ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት አገባቦች ቢለመዱ ይበጃል።

ዶፒንግ፦ በስፖርት ሕግ የተከለከለ መድኃኒት ወይም ዘዴ መጠቀም፣ እንዲሁም ምርመራን ማሰናከል። ለወል ስሙ የውጭው ቃል ይቆይ። ለየክፍሎቹ «የተከለከለ መድኃኒት» እና «የተከለከለ ዘዴ» ይባል፤ «አበረታች» ይቅር።

የውጤት ቁማር፦ በስፖርት ውድድር ውጤት ላይ ለድርጅት ገንዘብ አስይዞ መጫወት። «ውርርድ» በሁለት ሰዎች መካከል ለሚደረገው ብቻ ይጠበቅ።

ክብረ ወሰን፦ በሚመለከተው አካል የጸደቀ የላቀ ውጤት። እስኪጸድቅ ድረስ «ፈጣን ሰዓት» ይባል።

ሕዝብ የለመደውን ቃል በጽሑፍ መሻር አይቻልም የሚሉ ይኖራሉ፤ እውነትም አላቸው። መዝገበ ቃላት አያዝም። ይሁን እንጂ ቃሉን በየቀኑ የሚናገሩት አሠልጣኞች፣ የስፖርት መምህራንና ጋዜጠኞች ናቸው፤ እነሱ ከለወጡት ልማዱ ይከተላቸዋል። አንባብያንም በየአካባቢያቸው ለእነዚህ ነገሮች የሚነገር የተሻለ ቃል ካለ ቢጠቁሙ ለሥራው ትልቅ እርዳታ ይሆናል። ቅኔው በዲማ ይዘረፍ፤ ለሩጫ የሚሰለፈው ልጅ ግን የሚከለክለውን ቃል ያለ ፈቺ ሊረዳው ይገባል።